በሐዲድ መሻገሪያ ላይ «መሰለኝ» ማለት አይበጅም

ከጅቡቲ የተዘረጋው የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። የዚያ ዘመን ባቡር በእንፋሎት ኀይል ይሠራ ስለ ነበረ፥ ጭሱ ከሩቅ ይታይ፥ ጩኸቱም ከሩቅ ይሰማ ነበር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለ ሆነ ጭስ የለውም፤ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። መስኮቱን ዘግቶ፥ ዘፈን ከፍቶ ወይም በስልክ እየተነጋገረ የሚነዳ ሰው ባቡሩን ሳይሰማው ይደርስበታል።

ዐይንም ያታልላል። ግዙፍ ነገር ከሩቅ ሲመጣ ከእውነተኛው ፍጥነቱ ይልቅ የዘገየ ሆኖ ይታያል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ግን በየሴኮንዱ 25 ሜትር ያልፋል፤ ከባድ ጭነት የያዘ እንደ ሆነም ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ እስኪቆም ድረስ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። የባቡሩ ነጂ አደጋውን ቢያይ እንኳ ከሐዲዱ ፈቀቅ ለማለት አይችልም። እንግዲህ ለመቆም የሚቻለው መኪናው ነውና፥ መቆም የሚገባውም እርሱ ነው።

እኛ በፍርድ ቤት የባለጉዳዮችን ቃል ስንጽፍ፥ ስለ መኪና አደጋ በተነሣ ነገር ሁሉ አዘውትረን የምንሰማው «የማልፍ መሰለኝ» የሚለውን ነው። በተራው መንገድ «መሰለኝ» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ በሕይወት ተርፎ ቃሉን ይሰጣል፤ በሐዲድ ላይ «መሰለኝ» ያለ ግን ቃሉን ለመስጠት የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ስለዚህ፥ ውድ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ወደ መሻገሪያ የሚቀርብ ነጂ አስቀድሞ ፍጥነቱን ይቀንስ፤ መስኮቱን ከፍቶ ያዳምጥ፤ ግራና ቀኙን ይመልከት። አብረውት ያሉት ቤተ ሰቦቹም ለጊዜው ጨዋታቸውን ይተዉ። ቀይ መብራት ሲበራ ወይም መዝጊያው ሲወርድ ከሐዲዱ ራቅ ብሎ ይቁም፤ የባቡሩ አካል ከሐዲዱ ወደ ውጭ ይተርፋልና። በመዝጊያው ጎን ዞሮ ለማለፍ ከቶ አይሞክር። ሁለት ሐዲድ ባለበት ስፍራ፥ አንዱ ባቡር ሲያልፍ ሌላው በስተኋላው ተሰውሮ ሊመጣ ስለሚችል፥ መንገዱ ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይነሣ። ከማዶ ለመኪናው የሚበቃ ስፍራ ከሌለ ወደ ሐዲዱ አይግባ፤ በሐዲዱ ላይ ሳለም ማርሽ አይለውጥ።

መኪናው በሐዲዱ መካከል ቆሞ አልነሣ ቢል፥ ሕፃናትና አረጋውያን ሳይቀሩ ሁሉም ፈጥነው ይውረዱ። ከሐዲዱ ወደ ጎን ርቀው፥ ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይሂዱ፤ ሲጋጭ የሚፈነጠረው ብረት ባቡሩ ወደሚሄድበት ይወረወራልና። ዕቃ ለማውጣት የሚመለስ አይኑር።

የሚጠበቀው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ መኪናም በገንዘብ ይተካል። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ በሐዲድ ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።