የወንጪ ፈረስ ተራ የማን ነው?

ስለ ወንጪ ሐይቅ የተጻፈውን ብንሰበስብ አብዛኛው ስለ ውበቱ የተጻፈ ሆኖ እናገኘዋለን። ውበቱን አንክድም። ይሁን እንጂ ለአካባቢው ነዋሪ ከውበቱ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ጥያቄ አለ። እንግዳ ሲመጣ ፈረስ የሚያቀርበው ማን ነው? ተራውንስ የሚያዝዘው ማን ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

እንደሚታወቀው ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል ይገኛል። ዛሬ የሚተዳደረው በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ሥር ቢሆንም፣ ዞኑ ራሱ ከምዕራብ ሸዋ ተከፍሎ የወጣ ስለሆነ አምቦዎች ወንጪን የራሳቸው አድርገው ቢቆጥሩት የሚፈረድባቸው አይመስለንም። ሐይቁ የተኛው ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ መሬቱ ወደ ውስጥ ሰምጦ በፈጠረው ጎድጓዳ ሥፍራ ነው። የዙሪያው ተራራ ከፍተኛ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ያልፋል። በጎድጓዳው ውስጥ ፍል ውሃ አለ፤ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከዚህም ጋር እንሰት ተክሎ፣ ገብስና ድንች ዘርቶ፣ ቀፎ ሰቅሎ የሚኖር የኦሮሞ ገበሬ አለ። ጎረቤቱ ደንዲም እንዲሁ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። የሚያስገርመው፣ የወንጪ ውሃ በወልጋ በኩል ወደ ጊቤና ወደ ኦሞ ሲወርድ የደንዲ ውሃ ግን በሁሉቃ አድርጎ፣ አምቦን አቋርጦ፣ ወደ ጉደርና ወደ ዓባይ መጓዙ ነው።

ለብዙ ዓመታት ወንጪን ሊጎበኝ የመጣ ሰው መኪናውን ከአፋፉ ላይ አቁሞ በእግሩ ወይም በፈረስ ይወርድ ነበር። ነዋሪዎቹም በማኅበር ተደራጅተው ፈረሱን፣ ጀልባውንና መንገድ መሪውን በተራ ያሰማሩ ነበር። ተራ፣ በኦሮምኛ ዳበሬ፣ ለከተሜው ተራ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ተራ በሌለበት ቦታ ምን እንደሚሆን እናስብ። አንድ እንግዳ ከመኪናው ሲወርድ አሥር ባለፈረስ ይከበዋል፤ ዋጋው በሽሚያ ይወርዳል፤ ጉልበት ያለውና ቋንቋ የሚችለው ወጣት ሁሉንም ይወስዳል፤ አንዲት ፈረስ ብቻ ያላት ባልቴት ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ተራ ባለበት ግን የባልቴቷ ፈረስና የባለጸጋው ፈረስ እኩል ይቆማሉ። ስለሆነም ተራ ማለት ሰልፍ ማስያዣ ብቻ ሳይሆን የገቢ ማከፋፈያ ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል። እንከን የለበትም አንልም። ፈረሱን በደንብ የሚቀልበውና የማይቀልበው እኩል ያገኛሉ፤ ዘግይቶ የደረሰ ወጣት አባል ለመሆን ይቸገራል። ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ለድሀው የሚያደላ አሠራር እስካሁን አላየንም።

ሁኔታው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ተለውጧል። በዚያ ዓመት ይፋ የሆነው «ገበታ ለሀገር» የተሰኘው ፕሮጀክት ወንጪን ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር መረጠው። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከሰየማቸው 44 መንደሮች መካከል ወንጪ አንዱ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የእንግዳ ማረፊያ ተመረቀ። በመካከሉ የኮሮና ወረርሽኝና በምዕራብ ሸዋ የደረሰው የጸጥታ መታወክ የጎብኝውን እግር አሳጥረውት እንደነበር አይዘነጋም።

መንገድ መሠራቱን የሚጠላ የለም። ምጥ የያዛት እናት ቶሎ ሐኪም ቤት ትደርሳለች፤ ማሩና ድንቹ ሳይበላሽ ገበያ ይወጣል። ሆኖም የፈረሱ ዋጋ የመነጨው ከመንገዱ አለመኖር ነበር። መኪና ወደ ውሃው በተጠጋ ቁጥር ተራው ሥራ ይፈታል። ባለፈረሱ የሚቀጥለው እንጀራው ምን እንደሚሆን መንገዱ ከመዘርጋቱ በፊት መታሰብ ነበረበት፤ ዛሬም ቢሆን አልረፈደም።

ከእኛ ብዙ የራቀ ቢመስልም የፔሩ ምሳሌ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በቲቲካካ ሐይቅ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,800 ሜትር በላይ፣ ታኪሌ የምትባል ደሴት አለች። ነዋሪዎቿ ኬችዋ ተናጋሪ ገበሬዎችና ሸማኔዎች ናቸው። እኛ ወንፈል የምንለውን የጉልበት ብድር እነርሱ አይኒ ይሉታል። ቱሪስት መምጣት ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ፣ ጀልባዎቹን በጋራ ገዝተው ራሳቸው አጓጓዙ፤ እንግዳውንም በየቤታቸው በተራ አሳደሩ። በ1990ዎቹ ግን ብቸኛ ይዞታን የሚከለክል ሕግ በመውጣቱ የፑኖ ከተማ የጉዞ ድርጅቶች በፈጣን ጀልባ ገቡና አብዛኛውን መንገደኛ ወሰዱ። ዩኔስኮ በ2005 የታኪሌን የሽመና ጥበብ የሰው ልጅ ቅርስ አድርጎ አወጀ፤ ጀልባው ግን አልተመለሰም። ዝናና ጥቅም ለየብቻ የሚጓዙ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን። በአገራችንም በላስታና በመቄት አምባዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመሩት የገበሬ ማረፊያዎች ጠንካራ የሆኑት ቤቱም፣ ምግቡም፣ ጭነቱን የምትሸከመው አህያም የመንደሩ ስለነበሩ ነው።

በእኛ እምነት የወንጪ ማኅበር የሚያስፈልገው በሕግ የተጻፈ ድርሻ ነው። በጎድጓዳው ውስጥ የፈረስ፣ የጀልባና የእግር ጉዞ መስመር የማኅበሩ ብቻ ሆኖ ይከለል፤ ከመግቢያ ዋጋውም የታወቀ እጅ በየዓመቱ ለማኅበሩ ይግባ። የታኪሌ ሰዎች በልማድ የያዙትን ሕግ ነጠቃቸው፤ በሕግ የተያዘ ግን እንዲህ በቀላሉ አይነጠቅም።

ሁለተኛው ጉዳይ እኛን የሳይንስ ፋኩልቲ ሰዎችን በቀጥታ ይመለከተናል። ጎድጓዳ ሥፍራ ማለት ከዙሪያው የፈሰሰውን ሁሉ የሚቀበል ሳህን ማለት ነው። የእርሻው አፈር፣ የፈረሱ ፋንድያ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ መጨረሻው ሐይቁ ነው። ፍሳሹ የሚያመጣው ፎስፎረስ ሲበዛ ዋቅላሚ ይራባል፤ ውሃው ይደፈርሳል፤ ዋቅላሚው ሞቶ ሲበሰብስም በጥልቁ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ሐይቅ ማስታወሻ ይይዛል፤ ተመራማሪዎች ከደንዲ ሐይቅ ወለል ባወጡት ደለል ያለፉትን አሥር ሺህ ዓመታት የዝናብ ታሪክ ለማንበብ ችለዋል። ዛሬ የምናፈስሰውም በዚያው ደለል ላይ ይጻፋል።

ታዲያ ለውጡን ማን ይከታተል? ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሄድ ቡድን አይበቃም። በየዕለቱ ውሃው ላይ የሚውለው ባለጀልባው ነው። ጣሊያናዊው አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የሞከረው መሣሪያ ክብ ዝርግ ነገር ብቻ ነው፤ በገመድ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ከዓይን የጠፋበት ጥልቀት ይመዘገባል። ጥልቀቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ከሄደ ሐይቁ እየደፈረሰ ነው። እርግጥ የክረምት ጎርፍም ያደፈርሰዋልና ክረምትን ከክረምት፣ በጋን ከበጋ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

መዝገቡ የማኅበሩ ንብረት ይሁን። የማረፊያው አስተዳደርም ሆነ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ስለ ሐይቁ ሲወስን የባለጀልባውን ቁጥር ጠይቆ እንዲወስን ያስገድደዋል። ሥራው በተራ ይሠራ፤ ለለካበት ቀንም ይከፈለው። ክቡን ከቆርቆሮ ቆርጦ ነጭ ቀለም መቀባት፣ ከሥሩ ድንጋይ ማሰርና ገመዱን በየግማሽ ሜትሩ መቋጠር ለተማሪዎቻችን የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። መለካቱንም ከመጪው ጥቅምት፣ ጎርፉ ከጠራ በኋላ፣ መጀመር ይቻላል።