ኩንታል ተሸክሞ ስለ ወደቀ ሠራተኛ ካሣ

ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ፥ በትክል ድንጋይ፥ ቅጥር ሠራተኛችን ኩንታል እንደ ተሸከመ ደረቱን ይዞ ቢወድቅ ብዙዎቻችን «የራሱ ደዌ ነው» ለማለት እንቸኩላለን። የ1156/2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ግን በሥራ ላይ ከተደረገ ጥረት በድንገት የደረሰውን ጉዳት ከሥራ አደጋ ይቈጥረዋል፤ አሠሪውም ጥፋት ባይኖርበት ኀላፊ ነው። እርግጥ፥ ሕመሙ ከሸክሙ መምጣቱ በሐኪም ማስረጃ መታየት አለበት፤ ክርክሩም የሚበረታው እዚህ ላይ ነው።

ሐኪሙ ልቡን ሳይመረምር «ጨጓራ ነው» ብሎ ቢመልሰውስ? ይህ ሌላ ክስ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሐኪምን የሚጠይቀው የሙያውን ደንብ ተላልፎ ሲያጠፋ ነው። ይህንኑ አመካኝቶ የሟችን ቤተሰብ ካሣ ማቈየት፥ በእኔ አስተያየት፥ ለነጋዴ ነውር ነው። ይልቅስ ሠራተኛው የወደቀበትን ሰዓት፥ የሸክሙን ክብደትና የምስክሮችን ስም በዚያው ዕለት በመዝገብ እንጻፍ።