ለአበዳሪዎችም ቀነ ገደብ ይቀመጥ

የምሠራው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። የስኳር ሕመምተኞች ድሮ የወር መድኃኒታቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ዛሬ «ለአሥር ቀን የሚበቃኝን ቁጠሪልኝ» የሚሉኝ በዝተዋል። አንዲት እናት ሒሳቡን ሲሰሙ መቀነታቸውን ፈትተው ብሩን ደጋግመው ቆጠሩና የደም ግፊቱን ትተው የስኳሩን ብቻ ወሰዱ።

መድኃኒቱን ያስወደደው የምንዛሪው ለውጥ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ወራት ከ120 ብር አለፈ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም (አይኤምኤፍ) በዚያው ቀን 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። የድሮው ተመን ጤነኛ ነበር አልልም። ጥቁር ገበያው በእጥፍ ገደማ ሲመነዝር በባንኩ ዋጋ ዶላር የሚደርሰው ለጥቂቱ ነበር፤ መድኃኒት አስመጪውም ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ለማስከፈት ደጅ ይጠና ነበር። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ እኛ የታዘዘልንን በአንድ ጀምበር ስንውጥ አበዳሪዎቻችንን ማንም አላጣደፈም።

ኢትዮጵያ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ በኩል ዕዳዋ እንዲሸጋሸግ የጠየቀችው በ2013 ዓ.ም. ነው። ቻይናና ፈረንሳይ የሚመሩት የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ በመርህ ደረጃ የተስማማው መጋቢት 2017 ነው። አራት ዓመት! በዚህ መሃል፣ ታኅሣሥ 2016፣ የዩሮቦንዱን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀረን፤ በዓለም ፊትም ዕዳ መክፈል ያቃታት አገር ተባልን። በዚሁ ማዕቀፍ የገባችው ዛምቢያም ከቦንድ ገዢዎቿ ጋር ጉዳዩን የቋጨችው ከዓመታት ድርድር በኋላ በ2016 ነው።

ደንቡ በሚወጣበት ቤትም ድምፃችን ቀጭን ነው። አይኤምኤፍ በ1936 ዓ.ም. በብሬተን ውድስ ሲጠነሰስ ኢትዮጵያ በቦታው ነበረች። ዛሬም ግን ዋና ዋና ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ስለሚጠይቁ፣ ከ16 በመቶ በላይ የያዘችው አሜሪካ ብቻዋን ልታስቀር ትችላለች። በ2017 ከሰሃራ በታች ላሉ አገሮች ሦስተኛ የቦርድ ወንበር መሰጠቱ ደግ ነው፤ የዕዳውን ሰዓት ግን አያፋጥንም።

ስለዚህ፣ አንዲት አገር ዕዳዋ እንዲሸጋሸግ ማመልከቻ ካስገባችበት ቀን ጀምሮ ለመንግሥታትም ለቦንድ ገዢዎችም የሚከፈለው ዕዳና ወለድ ይቁም። ድርድሩ በአንድ ዓመት ይለቅ። የሚያጓትት አበዳሪ ካለ አይኤምኤፍ እሱን ሳይጠብቅ ብድሩን ይልቀቅ። የምንዛሪ ለውጡም የዕዳው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይጠየቅ።