ጎረቤት እያወቀ ዝም ሲል

አህሚቺ በመካከለኛው ቦስኒያ፣ በላሽቫ ሸለቆ፣ ከቪቴዝ ከተማ አጠገብ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ሙስሊም ቦስኒያኮችና ካቶሊክ ክሮአቶች በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ፣ ቤት ለቤት ተጎራብተው ይኖሩባት ነበር።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 1993 ንጋት ላይ የክሮአት ታጣቂዎች ወደ መንደሪቱ ገቡ። በዚያች ጠዋት 116 ያህል ሙስሊሞች ተገደሉ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ከእነርሱ መካከል ነበሩ። የሙስሊሞቹ ቤቶች ተቃጠሉ፣ የመስጊዱ ሚናሬት በፈንጂ ወደቀ። የክሮአቶቹ ቤቶች ግን ሳይነኩ ቆሙ።

በሄግ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ጉዳዩን መርምሮ በ2000 ፍርድ ሲሰጥ፣ አንዳንድ የክሮአት ነዋሪዎች ጥቃቱን አስቀድመው ያውቁ እንደነበርና ቤተሰባቸውን ከመንደሩ እንዳሸሹ ገልጿል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። የራሱን ልጆች አሽሽቶ ጎረቤቱን ሳይነግር የሄደ ሰው እጁን በደም አላስነካም። በእግዚአብሔር ፊት ግን ንጹሕ ነውን? ነቢዩ አብድዩ ወንድሙ ሲዘረፍ በሩቅ ቆሞ ያየውን ኤዶምን ከዘራፊዎቹ እንደ አንዱ ቈጥሮታል (አብድዩ 11)። ጌታ በተናገረው ምሳሌም ካህኑና ሌዋዊው ወንበዴዎች አልነበሩም፤ አይተው አለፉ እንጂ (ሉቃስ 10)።

«እነዚያ የስም ክርስቲያኖች ናቸው፣ እኛን አይመለከተንም» የሚል አይጠፋም። ይህ መልስ አያሳርፈኝም። መስቀል በአንገቱ ያሰረም ሆነ ዳግም ተወልጃለሁ የሚል፣ ዘሩንና ወገኑን ከጌታ ቃል ካስቀደመ ያው ፈተና ይጠብቀዋል።

በ2010 የክሮኤሺያው ፕሬዚዳንት ኢቮ ዮሲፖቪች ከሙስሊምና ከካቶሊክ መሪዎች ጋር አህሚቺ ሄደው ሙታኑን አክብረዋል። በዚያው ጦርነት ክሮአቶች ወደተገደሉባት ወደ ክሪዣንቼቮ ሴሎም ሄደዋል። የራስን ሙታን ብቻ አለመቍጠር መልካም ጅማሬ ነው። ለሞተው ግን ዘግይቷል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በቤታችን፣ በማኅበራችን፣ በስልካችን በጎረቤታችን ላይ ክፉ ሲመከር ከሰማን ጸሎት ብቻ አይበቃም። ተነሥተን በሩን እናንኳኳ። ሃይማኖቱ ከእኛ ቢለይም ጎረቤታችን ነው።

ጌታ የሚናገር አንደበት ይስጠን። አሜን።