ከፊንጃል እስከ ፊርማ፦ በአቡዳቢና በአል አይን የሥራ ግንኙነት ወግ

የኢትዮጵያና የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ግንኙነት ከመሪዎች ጉብኝት አልፎ ወደ ዕለታዊ ሥራ ወርዷል። የኤምሬትስ ፕሬዚዳንት ክቡር ሼክ ሙሐመድ ቢን ዛይድ አል ናህያን እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 2023 አዲስ አበባን በጎበኙበት ወቅት 17 ስምምነቶችና የመግባቢያ ሰነዶች ተፈርመዋል። ሁለቱ አገሮች በጃንዋሪ 2024 አብረው ብሪክስን ተቀላቅለዋል። በዚያው ዓመት ጁላይ 16 ቀን ማዕከላዊ ባንኮቻቸው እስከ 3 ቢሊዮን ድርሃምና 46 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የገንዘብ ልውውጥ ስምምነት ፈርመዋል። እንዲህ ያለ ሰነድ ሁሉ ከኋላው ሰው ያስከትላል፤ ነጋዴው፣ የባንክ ባለሙያው፣ አስተርጓሚው፣ ሾፌሩና ቡና ቀጂዋ በአንድ አዳራሽ ይገናኛሉ። በዚያ አዳራሽ ከሰነዱ በፊት የሚታየው አገባብ፣ አቀማመጥና ሰላምታ ነው።

ጉዳዩ ለአማርኛ ተናጋሪው እንግዳ አይደለም። በቤተ መንግሥት ግብር ማን ቀድሞ እንደሚገባና የት እንደሚቀመጥ የሚያስተናብረው አጋፋሪ፣ ዛሬ የፕሮቶኮል ሹም የሚባለውን ሥራ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። አስቸጋሪው ወግ አለማወቅ አይደለም፤ የራስን ወግ አውቆ የአስተናጋጁን ወግ ያንኑ መስሎ መውሰድ ነው።

ቡናን ለአብነት ማየት ይበቃል። መጅሊስና የዐረብ ቡና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈሩት ኤምሬትስ ከሳዑዲ ዐረቢያ፣ ከኦማንና ከኳታር ጋር ባቀረበችው ጥያቄ ነው። የቡና ማፍያው ደላ በአንድ ድርሃም ሳንቲም ላይ ሳይቀር ተቀርጿል። በአል አይን ዛሬ ሙዚየም የሆነው የሼክ ዛይድ ቤተ መንግሥት መጅሊስን እንደ ዋና ክፍሉ ይዞ ይታያል። ሼክ ዛይድ ከ1946 እስከ 1966 የአካባቢው አስተዳዳሪ ሳሉ የሰዉን አቤቱታ የሚሰሙት በመጅሊስ ተቀምጠው ነበር። ስለዚህ በአል አይን አንድ ነጋዴ ቡና ሲቀርብለት ሥራው ገና አልተጀመረም ብሎ ቢያስብ ይሳሳታል፤ ተጀምሯል።

ቀጂው ደላውን በግራ፣ ፊንጃሉን በቀኝ ይይዛል። መጀመሪያ የሚቀዳው ለክብር እንግዳው ወይም በዕድሜ ለሚበልጠው ነው። ፊንጃሉ እስከ ሩብ ብቻ ይሞላል። ሲኒን እስከ አፉ መሙላት የልግስና ምልክት በሆነበት ቤት ላደገች ኢትዮጵያዊት ይህ ንፍገት ሊመስላት ይችላል። እዚህ ግን ሙሉ ፊንጃል «ጠጣና ሂድ» ከማለት ይቆጠራል። በኢትዮጵያ አቦል፣ ቶናና በረካ በተራ ይመጣሉ፤ በረካን ሳይጠጡ መነሣት ቅር ያሰኛል። በኤምሬትስም ሦስት የታወቀ ቁጥር ነው፤ ግን ማቆሚያው እንጂ ግዴታው አይደለም። አንድ ፊንጃል መቀበል ጨዋነት ነው፤ የበቃው እንግዳ ፊንጃሉን ቀለል አድርጎ ወዝወዝ ያደርጋል፤ ካልወዘወዘ ይቀዳለታል። በሁለት እጅ መቀበል የለመደ ሰው ልማዱን መተው አይጠበቅበትም፤ ፊንጃሉን የያዘው ቀኝ እጁ ይሁን እንጂ።

በአጠራር ሁለቱ ሕዝቦች ከሚጠበቀው በላይ ይቀራረባሉ። «ሼክ ሙሐመድ» ይባላል እንጂ «ሼክ አል ናህያን» አይባልም፤ «አቶ ከበደ» ሲባልም ከበደ የራሱ ስም ነው። ግራ መጋባቱ የሚመጣው የቤተሰብ ስም ከሚጠይቀው ቅጽ ነው። በዚያ ሳጥን የአያቱ ስም የገባለት ሰው፣ የግብዣ ደብዳቤው በአያቱ ስም ይደርሰዋል፤ ወይዘሮዋም በአባቷ ስም ትጠራለች። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስምን በሁሉም ሰነድ እንደ ፓስፖርቱ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ማስፈርና ለአስተናጋጁ «መጠሪያዬ ይህ ነው» ማለት።

ሰዓት ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። አቡዳቢ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ከዚያ በላይ ግን አቆጣጠሩ ያሳስታል። «በሦስት ሰዓት እንገናኝ» ያለ ኢትዮጵያዊ ጠዋትን ሲያስብ፣ ቀጣሪው ከሰዓት በኋላን ይጽፋል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሚሠሩት ከ7፡30 እስከ 3፡30 ነው፤ በኢትዮጵያ ሲቆጠር ከ1፡30 እስከ 9፡30 ማለት ነው። ዓርብ ሥራው እኩለ ቀን ላይ ያበቃል። ዓርብ ረፋድ ላይ ረጅም ስብሰባ መጠየቅ የጁምዓን ሶላት አለማሰብ ይሆናል።

ለሴት ባለሥልጣን ወይም ነጋዴ እጅ ከመዘርጋት በፊት እርሷ እስክትዘረጋ መጠበቅ ይመረጣል፤ ካልዘረጋች ቀኝ እጅን ደረት ላይ ማድረግ ሙሉ ሰላምታ ነው። ስልክ ማውጣት ከዚህ የከበደ ነው። በ2021 የወጣው የሳይበር ወንጀሎች ሕግ ሰውን ያለ ፈቃዱ ፎቶ በማንሣት የግል ሕይወቱን መድፈርን በእስራትና ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም በሚደርስ ቅጣት ያስቀጣል። በመጅሊስ ተቀምጦ በቀጥታ ለቲክቶክ ማስተላለፍ ነውር ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ፣ ሕጉን ማንበብ አለበት።

ከሁሉ የሚያስከፍለው ግን ይሉኝታ ነው። «እሺ» በአማርኛ ስምምነት ሊሆን ይችላል፤ «ሰማሁ» ወይም «አላስቀይምዎ» ማለትም ሊሆን ይችላል። «ኢንሻአላህ»ም እንዲሁ የቁርጥ ቃልና የለዘበ እምቢታ ሁለቱንም ይሸከማል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ጠረጴዛ ሲገናኙ ሁሉም ደስ ብሎት ይለያያል፤ የተስማማው ነገር ግን ላይኖር ይችላል። ከስብሰባ በኋላ የተባለውን በአጭሩ ጽፎ መላክ፣ ቀኑንና መጠኑን አስፍሮ ማረጋገጫ መጠየቅ ለማንም ስድብ አይደለም። በሥራ ውል ላይ ነገሩ ይብሳል። በ2021 በወጣው የሠራተኛ ሕግ መሠረት ውሉ በሌላ ቋንቋም ሲጻፍ፣ ልዩነት ከተፈጠረ የሚጸናው የዐረብኛው ቅጂ ነው። አንገት ደፍቶ ሳያነብ የፈረመ ሰው ጨዋ አይባልም፤ ያልገባውን ሰነድ የፈረመ ነው። «ያስረዱኝ» ማለት በየትኛውም መሥሪያ ቤት ወግ ነው።

ወጉም የእንግዳው ወይም የሠራተኛው ብቻ ሸክም አይደለም። ከዲሴምበር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የቤት ሠራተኞች ሕግ ከነማስፈጸሚያ ደንቡ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ከነክፍያው፣ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት ከዚያም ውስጥ 8ቱ ተከታታይ፣ እንዲሁም በዓመት የ30 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ፓስፖርትና መታወቂያም በሠራተኛዋ እጅ ይቆያሉ። በመጅሊስ ለእንግዳ ፊንጃል የምታቀርበው እርሷ ናትና፣ አሠሪዋ በስሟ ሲጠራት ይህንንም ማወቅ ይጠበቅበታል።