በቆሎና መሬት አልባሹ ሐረግ

ጤፍ ወይም ስንዴ በተሰበሰበበት ማሳ በተከታዩ ዓመት ባቄላ ወይም አተር መዝራት በአገራችን ገበሬ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ጥበብ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ምክንያቱን የደረሱበት ግን ዘግይተው ነው፤ የጀርመኑ ሄልሪጌል በ1886 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ጥራጥሬ በሥሩ ላይ ባሉት ጥቃቅን እባጮች አማካይነት ናይትሮጅን የተባለውን የዕፀዋት ምግብ ከአየር እንደሚያገኝ ገለጸ።

ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምንነግረው መሬትን ለማልበስ ስለሚዘራ፥ ሙኩና ስለሚባል ሐረግ ነው። በማዕከላዊ አሜሪካ፥ በሰሜን ሆንዱራስ ባለው በአትላንቲዳ ክፍለ ሀገር፥ በተዳፋት የሚያርሱ ገበሬዎች በ1970ዎቹ ዓመታት ይህን ሐረግ በበቆሎ ማሳቸው አስፋፉት። በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ሐረጉ ማሳውን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል፤ አረሙን ያፍናል፥ ዝናሙም አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስደው ይከለክላል። በታኅሣሥ ገበሬው በገጀራ ቈርጦ በዚያው ይተወዋል፤ ሳያርስና ሳያቃጥልም በሹል እንጨት እየቀደደ የበቆሎውን ዘር በብስባሹ መካከል ይተክላል። ሐረጉ ከወደቀው ፍሬ ተመልሶ ስለሚበቅል በየዓመቱ መዝራት አያስፈልግም። የበቆሎውም ምርት ሙኩና ከሌለበት ማሳ እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ።

ይህን የመሰለውን ነገር በ1990ዎቹ ዓመታት ብዙዎቹ ተዉት ቢባል ማን ያምናል? የከብት ግጦሽ እየሰፋ የእህሉ መሬት ጠበበ፤ ብርቱ የሣር አረምም ማሳውን ወረረው። የከብቱ ነገር እኛንም ይመለከተናል። አዝመራ ከገባ በኋላ ከብት በየማሳው ይለቀቃልና፥ በበጋ ለምለም ሐረግ ብቻውን ቢገኝ አንድ ሳምንት አያድርም። መንደሩ በአንድነት ካልተስማማ አንድ ገበሬ ብቻውን ምን ያህል ሊጠብቅ ይችላል?

ለእመቤቶች ደግሞ ሳናስታውቅ የማናልፈው ነገር አለ። የሙኩና ፍሬ ባቄላ ይመስላል፤ ነገር ግን ኤል ዶፓ የሚባል ነገር በውስጡ ስላለበት፥ በሚገባ ሳይዘጋጅ የበላው ሰው ያስታውከዋል፥ አእምሮውም ይታወካል። በ1989 በሰሜን ሞዛምቢክ በራብ ጊዜ ውሃ ስለ ጠፋ፥ የተቀቀለበትን ውሃ እየደጋገሙ ሳይደፉ በበሉ ሰዎች ላይ ይህ መከራ ደረሰ። ስለዚህ የሙኩና ዘር በቤት ቢኖር ከሽሮ እህል ተለይቶ፥ ልጆች ከማይደርሱበት ስፍራ ይቀመጥ።

ለመሬቱም ለማዕዱም የሚሆነውን የሚሻ ቤት ግን በሐረርጌና በሲዳማ እንደሚደረገው በበቆሎው መካከል ቦሎቄ ቢዘራ ይሻለዋል። ቦሎቄ ለመሬቱ የሚሰጠው ናይትሮጅን ጥቂት ነው፥ እንደ ሙኩናም አያለብስም፤ እኛ ግን ለልጆች ቀለብ ስለሚሆን እርሱን እንመርጣለን። ሲዘራም በቆሎው አንድ ጊዜ ከተኰተኰተ በኋላ ቢሆን ቡቃያውን አይሻማውም።