ግሊፕቶዶን ሰነፍ አልነበረም

“ከዘመኑ ጋር ካልተለወጥክ እንደ ዳይኖሰር ትጠፋለህ!” ይህቺን ያልሰማ እጁን ያውጣ። የአመራር ሥልጠና ላይ አለች፣ የቢዝነስ መጽሐፍ ውስጥ አለች፣ የምርቃት ንግግር ላይ አለች። ተናጋሪው ይላታል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ ከዚያ ወደ ሻይ ቡና። ዳይኖሰሩ ሲሰለች ደግሞ ሌላ ሟች ይፈለጋል። መቼም የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

እኔ ዛሬ ጥብቅና የምቆመው ከእነዚህ ሟቾች ለአንዱ ነው፤ ለግሊፕቶዶን። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።) ላይ ላዩን ላየው ሰው ለዚያ ስብከት የተፈጠረ ይመስላል። ከባድ ነው፣ አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፣ ጥሩሩን ለብሶ ሣሩን ይግጣል፣ በመጨረሻም ጠፍቷል። የቀረው “ቅርፊቱ ውስጥ እንደተደበቀ ዘመን ጥሎት ሄደ” ብሎ መደምደም ብቻ ነው። ችግሩ ግን ነገሩ ውሸት ነው። ሟች በማማት ብቻ የሚያበቃ ውሸት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ዝም ብዬ ባለፍኩት።

እስቲ መጀመሪያ ተከሳሹን እንተዋወቀው። ግሊፕቶዶን ዳይኖሰር አይደለም፤ ዳይኖሰሮቹ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሄደዋል። እሱ የደቡብ አሜሪካ ሜዳዎች ላይ ይኖር የነበረ፣ ግልገሉን ጡት የሚያጠባ እንስሳ ነው። ስሙን በ1839 ያወጣለት እንግሊዛዊው ሊቅ ሪቻርድ ኦወን ሲሆን፣ “ቦይ የተቀረጸበት ጥርስ” እንደ ማለት ነው። መጠኑን ማወቅ ለፈለገ፣ ቮልስ መኪና ያስብና ጎማዎቹን አውልቆ በአራት አጫጭር እግሮች ይተካቸው። ከወገኖቹ ትልልቆቹ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝኑ ነበር። ጀርባውን የሸፈነው ጥሩር ከ1,000 በላይ ጠፍጣፋ አጥንቶች እንደ ሰፈራችን ኮብልስቶን ተገጣጥመው የሠሩት ነው። አናቱ ላይ እንኳ የአጥንት ቆብ ነበረው። ዶዲኩሩስ የተባለው ዘመዱ ደግሞ ጅራቱ ጫፍ ላይ ቆመጥ ነበረው፤ ቆመጥ ስል እውነተኛ ቆመጥ፣ የተወቀረ አጥንት።

ዛሬ በሕይወት ያለው ዘመዱ አርማዲሎ ይባላል፤ በስፔንኛ “ትንሹ ጥሩር ለባሽ” ማለት ነው። በአገራችን የለም፤ የ2014ቱን የብራዚል ዓለም ዋንጫ ያየ ሰው ግን በመልክ ያውቀዋል፤ የውድድሩ መለያ የነበረው ፉሌኮ አርማዲሎ ነው። ዝምድናቸው ምን ያህል የቀረበ ነው የሚለው ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሮ በ2016 መልስ አገኘ። ተመራማሪዎች 12,000 ዓመት ገደማ ከሆነው የዶዲኩሩስ ጥሩር ላይ ዲኤንኤ አውጥተው ሲመረምሩ፣ ግሊፕቶዶኖቹ የአርማዲሎ የሩቅ ዘመድ ሳይሆኑ ራሳቸው የአርማዲሎ ቤተሰብ አባል ሆነው ተገኙ። ፉሌኮም፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጠው ሮዝማዋ አርማዲሎም የዚያው ቅርንጫፍ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ክሱ እንግባ። “መለወጥ አቃተው” ነው የሚባለው። በዚያው የዲኤንኤ ጥናት ስሌት የግሊፕቶዶኖች ዘር ከሌሎቹ አርማዲሎዎች የተለየው ከ35 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የእኛስ? እስካሁን ከተገኙት የዘመናዊ ሰው ቅሪተ አካሎች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ የእኛው የኦሞ ኪቢሹ ነው፤ በ2022 የወጣው ጥናት ዕድሜውን ቢያንስ 230,000 ዓመት አድርሶታል። ሂሳቡን ሥሩት። የእነሱ ዕድሜ ከእኛ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ገና የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ ሠራተኛ ዕድሜ ልኩን ሠርቶ የሄደውን ባለሙያ “ሥራ አይችልም ነበር” ሲል አስቡት።

መለወጡንም ተለውጠዋል። ከትናንሽ ቅድመ አያቶች ተነሥተው ቮልስ አክለዋል። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፓናማ መሬት ሁለቱን አሜሪካዎች ሲያገናኝ፣ ከመካከላቸው የተወሰኑት ዲቪ ሳይሞሉ ወደ ሰሜን ተሻግረው ዛሬ ሜክሲኮ፣ ቴክሳስና ፍሎሪዳ በምንላቸው ቦታዎች ኑሮ መሥርተዋል። የበረዶ ዘመን በተደጋጋሚ መጥቶ በተደጋጋሚ ሲሄድ ዘራቸው አብሮ ከርሟል። ይሄ ነው “ዘመን ጥሎት የሄደ” የሚባለው?

ታዲያ በመጨረሻው ዙር ምን አዲስ ነገር መጣ? ሰው መጣ።

በ2024 አንድ ጥናት ታትሟል። ከቦነስ አይረስ አጠገብ ሜርሎ በምትባል ቦታ፣ በሬኮንኪስታ ወንዝ ዳር፣ የግሊፕቶዶን ዘመድ የሆነ የአንድ እንስሳ አጥንት ተገኘ። ዕድሜው 21,000 ዓመት ገደማ ነው። አጥንቱ ላይ በድንጋይ መሣሪያ የተቆረጠ የሚመስል ምልክት አለ። የት የት? ዳሌው ላይና ጅራቱ ላይ፤ ብዙ ሥጋ ያለበት ቦታ ላይ። ሥጋ ቤት ቆሞ “ከታፋው አድርግልኝ” ያለ ሁሉ አመክንዮው ይገባዋል። ቆራጩ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።

ተከራካሪ ይነሣና “አንድ የታረደ እንስሳ የዘር መጥፋትን አያስረዳም” ይለኛል። እውነት ነው። “ሰውና ግሊፕቶዶን ለብዙ ሺህ ዓመታት አብረው ኖረዋል፤ የመጨረሻዎቹ የጠፉት ከ10,000 እስከ 12,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ አየሩም ተለውጧል” ይላል። ይሄም እውነት ነው፤ ሊቃውንቱም ዛሬ ድረስ ይከራከሩበታል። ግን አንድ ዘር ለማጥፋት በአንድ ቀን መጨፍጨፍ አያስፈልግም። ትልልቅ እንስሳት የሚወልዱት ጥቂት፣ የሚያድጉትም ቀስ ብለው ነው። በየዓመቱ ከሚወለደው ትንሽ በለጥ አድርጎ መግደል ይበቃል፤ የቀረውን ጊዜ ይጨርሰዋል። ደግሞስ የአየር ለውጥ ከዚህ በፊትም ነበር። በደቡብ አሜሪካ ከ44 ኪሎ በላይ ከሚመዝኑት የእንስሳት ወገኖች ከአምስቱ አራት ያህሉ የጠፉት ግን ሰው ባለበት ዙር ነው። በአፍሪካ፣ ሰውን ከጥንት ጀምረው እያዩት ባደጉበት ምድር፣ አብዛኞቹ ተርፈዋል። ይህን ሁሉ “አየሩ ነው” ብሎ ማለፍ ለእኔ አይዋጥልኝም።

እንግዲህ የስብከቱ ክፋት እዚህ ላይ ነው። “መለወጥ አቃተው” ስንል የሟቹን ጉድለት እንቆጥራለን፤ ቢላ የያዘው ግን ከታሪኩ ይወጣል። የበላው ሰው መካሪ ይሆናል፣ የተበላው ደግሞ ማስተማሪያ። ሱቁ ለተዘጋበት፣ ከሥራ ለተቀነሰው፣ ከኖረበት ለተነሣው ሰውስ የምንለው ይህንኑ አይደል? “ከዘመኑ ጋር መራመድ አቃተው።” ዘመን እግር ያለው፣ ማንም ሳይገፋው የሚሄድ ይመስል!

የጥንት ታሪክ ነው የሚል ካለ ፉሌኮን ይጠይቅ። የፉሌኮ ዝርያ ሰውነቱን እንደ ኳስ ጠቅልሎ መዝጋት ይችላል። ለአውሬ ጥርስ ፍቱን መከላከያ ነው። ለሰው ግን ጎንበስ ብሎ ኳሱን ማንሣት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። በዚህ ላይ ካቲንጋ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ደረቅ ደን መኖሪያው እየተመነጠረበት ነው። በ2014 ሳይንቲስቶች አንድ ሐሳብ አቀረቡ። በዓለም ዋንጫው ለሚቆጠር ለእያንዳንዱ ጎል 1,000 ሄክታር ካቲንጋ ይጠበቅ አሉ። 171 ጎል ተቆጠረ። ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 ያደረገችበት ጨዋታ ብቻውን 8,000 ሄክታር ይሆን ነበር። ሐሳቡ ሐሳብ ሆኖ ቀረ፤ አሻንጉሊቱ ግን ተሸጠ። ነገ ይሄ እንስሳ ቢጠፋ ደግሞ አንድ አሠልጣኝ ተነሥቶ “አያችሁ፣ ተጠቅልሎ የተኛ ይጠፋል” ማለቱ አይቀርም።

ከግሊፕቶዶን መማር የሚፈልግ ካለ ከቻርልስ ዳርዊን ይማር። በ1832 አርጀንቲና ውስጥ ቅሪተ አካል ሲቆፍር የግዙፍ ጥሩር ስብርባሪ አገኘ፤ እዚያው አገር ላይ ደግሞ ትንንሾቹ አርማዲሎዎች ይርመሰመሱ ነበር። ሟቹን አልሰደበም። “እነዚህ ሁለቱ ለምን ተመሳሰሉ?” ብሎ ጠየቀ። ያ ጥያቄ በ1859 ወዳሳተመው መጽሐፍ ካደረሱት አንዱ ሆነ።

እኛም አንድ ጥያቄ አናጣም። ከእንግዲህ መድረክ ላይ የወጣ ሰው የጠፋ እንስሳ ስም ጠርቶ “አልለወጥም ብሎ ነው” ሊላችሁ ሲጀምር፣ እጃችሁን አውጡና በትሕትና ጠይቁልኝ፤ “ይቅርታ፣ ማን በላው?”